ለኤርቺም፣ ብርድ ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው

ሬዲዮው ተናግሯል፤ ሃምሳ ሁለት ሆኗል፣
ከዜሮ በታች ነው፣ ደወሉም ተኝቷል።
ጉሙ ከሌና ወንዝ መንደሩን ውጦታል፣
የኡልያና ላም እንኳ የጡት ሹራብ ለብሳ በረት ተከቷታል።
ደስ እንዳለህ አውቃለሁ፤ በአንተ ዕድሜ ሳለሁ
እኔም ጨፍሬያለሁ።

ስማኝ ግን፤ እህትህ እንዲህ ባለ ክረምት
አልጋ ውስጥ አጥንታ ወድቃለች በሦስት ትምህርት።
ደብተሩ ከደረቴ፣ ትራሱ ከጀርባ፣
አንዲት ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ እየገባ፤
ቢጫ እስክሪብቶ ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ
ቀባሁት፤ ገጾቹ እንቁላል መሰሉ።
ያነበብኩ መሰለኝ። ዐይኔ ያለፈበት
ሁሉ ልብ ውስጥ የሚያድር መስሎኝ፣ የሚሰነብት።

ከሰል ለመዋስ ነው ወደ ቦይለር ቤቱ
የሄድኩት አንድ ማታ፤ ሴምዮን ከእሳቱ
ፊት ለፊት ቆሟል፣ ጢሙ ላብ አርግዞ፤
"ዛሬስ ምን ተማርሽ?" አለኝ ባካፋው ተመርኩዞ።
"የደም ዝውውር" አልኩት። "እኮ እንዴት ነው?" አለ።
አፌን ከፈትኩና ቃሉ ኮበለለ።
ያ ሁሉ ቢጫ ቀለም አንድ ዓረፍተ ነገር
አልወለደም ለካ፤ ቀረሁ ስደናበር።

ሳይስቅብኝ ቧንቧውን ባካፋው ቆረቆረ፤
"ሞቆ ይወጣል" አለ፣ "ቤት ለቤት እየዞረ፣
ቀዝቅዞ ይመለሳል። ግፊቱ ሲደክመው
ዳር ላይ ያለው ቤት ነው ቀድሞ የሚታመመው።"
ጣቴን አየሁት። ደንዝዟል፣ ነጥቷል።
መጽሐፉ ያልነገረኝ እጄ ላይ ተጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ማታ፣ መጽሐፌን ዘግቼ፣
የቀኑን ነገርኩት፣ ከእሳቱ ተጠግቼ፤
የጎደለኝ የቱ ጋ እንደሆነ የማውቀው
እሱ ግንባሩን ሲቋጥር፣ ሲያቋርጠኝ ነው።

እንግዲህ ተነሣ። አልጋህን አንጥፈው፣
የእንቅልፍን አገር ለእንቅልፍ ብቻ ተወው።
ሱሪህን ልበስ፤ ካሜራው ባያይም ጉልበትህ ያውቃል፣
ፒጃማ የለበሰ እግር ወደ አልጋው ይሳባል።
ስልክህን ካባባ ቦት ጫማ ውስጥ ክተት፣
ጫማውን ከሁለቱ በሮች መሃል ጎልት፤
ብርዱ ባትሪውን በደቂቃ ይጠጣዋል፣
የሰው ምክር ያልቻለውን ውርጩ ይችለዋል።

ከደጅ የበረዶ ጉማጅ አምጣ፣ ድስት ውስጥ ጣደው፤
ቀልጦ እስኪፈላ ድረስ ከሒሳብ ተፋጠጥ፤ ሰዓትህ እሱ ነው።
ሲፈላ ተንጠራራ፣ ሻይህንም ጠጣ፣
ሌላ ጉማጅ ይጣድ፣ አንተም ወደ ወንበር፣ ሰበብ ሳታመጣ።
ፊዚክስ በጠዋት ነው። ከምሳ በኋላማ
ሆድ ብቻ ነው የነቃ፣ ጆሮ ማንንም አይሰማ።

ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ፣ ይቋረጣልና፣
ያልገባህን ወረቀት ላይ አቆየው ጻፍና፣
የመምህሯ ፊት ሲመለስ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ፤
ዝም ያለ ሁሉ አዋቂ መስሎህ አትሸማቀቅ።

ከሦስት ቀን በኋላም ደብተርህን ደብቀው፣
በባዶ ወረቀት ላይ የቀረህን ልቀመው።
የረሳኸው ብዙ ነው፤ አይክፋህ። ቀዳዳው
የታየ መረብ ነው ዓሣ አጥማጅ የሚሰፋው።

ማታ ወደ ሴምዮን ሂድ። ጆሮው ዘንድሮ ከብዷል፣
ጮክ ብለህ ንገረው፤ እንዲያውም ይሻላል፤
ያንሾካሾከ ሰው የማያውቀውን ያልፋል፣
የጮኸ ግን ስህተቱን ከራሱ አፍ ይሰማል።

እኔ እዚህ ያኩትስክ፣ በሌሊት ተራዬ፣
የበሽተኛ ጣት ስዳብስ፣ የደነዘዘ ጣት፣
ያ ቧንቧ ይጮሃል ዛሬም በጆሮዬ።

ብቻ አንድ ነገር፦
አባባ ለከብቶቹ ድርቆሽ ሊሰጥ ሲወጣ፣
እግሩን ሳይከትበት፣
ስልክህን አውጣ።